አንድን ሰርቨር ከፕሮክስሞክስ ክላስተር አውጥቶ መመለስ፦ ከትዕዛዝ መስመር ደረጃ በደረጃ

ብቻውን የሚሠራ ሰርቨር ራም ሲጨመርለት ወይም ዲስክ ሲቀየርለት ነገሩ አጭር ነው፤ ይጠፋል፣ ይከፈታል፣ ተጠግኖ ይነሣል። ፕሮክስሞክስ ቨርችዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒዩተሮችን) የሚያስኬድ ሥርዓት ነው፤ ክላስተር ደግሞ በእሱ አንድ ላይ የተሳሰሩ ሰርቨሮች ናቸው። ክላስተር ውስጥ የገባ ሰርቨር ግን የሌሎቹም ጉዳይ ነው። እሱ ሲጠፋ የቀሩት ድምፅ ይጎድላቸዋል፤ ተሸክሟቸው የነበሩ ቨርችዋል ማሽኖችም ሌላ ማረፊያ ይፈልጋሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት ቅደም ተከተል ሲዘለል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ብሎን ከሚናገረው ይልቅ ከብሎኑ በፊትና በኋላ ስለሚደረገው ብዙ ይናገራል።

ትዕዛዞቹ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። «ፒቪኢሲኤም» ማለት ፒ፣ ቪ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤም የሚሉት አምስት ፊደላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው፤ «ስታተስ» ያለው ግን እንደ እንግሊዝኛው ቃል ሙሉ ይጻፋል። ሰረዝ፣ እዝባርና ነጥብ በተቀመጡበት ይገባሉ። በዐቢይ ፊደል የሚጻፍ ሲኖር እዚያው ይነገራል፤ ሌላው ሁሉ በንኡስ ፊደል ነው። አጻጻፉ ከጠፋብዎ «ፒቪኢሲኤም ሄልፕ» ወይም «ኪውኤም ሄልፕ» ብለው ዝርዝሩን ያውጡ። ሁሉም በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት ይሠራል። ኖድ ማለት በክላስተሩ ውስጥ ያለ አንድ ሰርቨር ነው። ምሳሌያችን ኖድ1፣ ኖድ2 እና ኖድ3 ያሉበት ክላስተር ነው፤ የሚጠገነው ኖድ2 ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ይቁጠሩ

ክላስተሩ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አንድ ድምፅ አለው፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ጉባኤው አልሞላም። ኮረም የሚባለው ይኸው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ለ3 ኖድ 2 ድምፅ፣ ለ4 ኖድ 3፣ ለ5 ኖድ 3 ያስፈልጋል። ልብ ይበሉ፤ 4 ኖድ ያለው ክላስተር 3 ካለው የበለጠ አይችልም፤ ሁለቱም የሚታገሡት የአንድ ኖድ መጥፋት ብቻ ነው።

ከማንኛውም ኖድ ላይ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ያስገቡ። ከሚወጣው ጽሑፍ አራት መስመር ያንብቡ፦ ጉባኤው መሙላቱን የሚናገረውን «ኮሬት»፣ የሚጠበቀውን የድምፅ ብዛት የሚያሳየውን «ኤክስፔክትድ ቮትስ»፣ አሁን ያለውን የሚያሳየውን «ቶታል ቮትስ» እና የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ቁጥር የሚያሳየውን «ኮረም»። ከቶታል ቮትስ ላይ 1 ሲቀነስ ከኮረም ካነሰ፣ ያንን ኖድ አይንኩት። በሦስት ኖድ ክላስተር ውስጥ ኖድ3 ትናንት ጠፍቶ ማንም ሳያየው ከቀረ፣ ዛሬ ኖድ2ን ማጥፋት ኖድ1ን ብቻውን ያስቀረዋል።

ጉባኤው ሳይሞላ ሲቀር ምን እንደሚሆን በደንብ መታወቅ አለበት። በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው «/ኢቲሲ/ፒቪኢ» የሚባለው ማኅደር ንባብ ብቻ ይሆናል። የሚሠሩት ማሽኖች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ የጠፋውን ማስነሣት፣ ቅንብር መቀየር፣ ማዛወር ግን አይቻልም። ኤችኤ (ኖድ ሲወድቅ ማሽኖቹን በሌላ ኖድ ላይ በራሱ የሚያስነሣው አሠራር) የሚጠብቃቸው ማሽኖች ያሉበት ኖድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋችዶግ የተባለው ቆጣሪ 60 ሰከንድ ያህል ታግሦ ኖዱን በግድ ዳግም ያስነሣዋል። ይህ ጭካኔ ምክንያት አለው፤ ጉባኤው የሞላላቸው ሌሎቹ ኖዶች ያንኑ ማሽን ሲያስነሡ የመጀመሪያው አሁንም ዲስኩ ላይ እየጻፈ እንዳይገኝ ነው።

ሁለት ኖድ ብቻ ላለው ክላስተር ኮረሙ 2 ስለሆነ አንዱን ማጥፋት ሁልጊዜ ጉባኤ ማፍረስ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሦስተኛ ድምፅ ማቆም ነው። ከክላስተሩ ውጭ ባለ ትንሽ ሊኑክስ ማሽን ላይ «ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ»፣ በሁለቱም ኖዶች ላይ «ኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስ» የሚባሉትን ጥቅሎች ጭነው፣ ከአንዱ ኖድ «ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሴትአፕ» ብለው የማሽኑን አድራሻ ያስከትሉ። ይህ ከሌለና ሥራው የግድ ዛሬ ከሆነ፣ ሌላው ኖድ መጥፋቱን በዓይን ካረጋገጡ በኋላ በቀረው ላይ «ፒቪኢሲኤም ኤክስፔክትድ 1» ማለት ይቻላል። ሁለቱ ኖዶች እየሠሩ በመካከላቸው ኬብል ብቻ ሲቋረጥ ይህን ማለት ግን ሁለቱም ራሳቸውን አለቃ እንዲያደርጉ መፍቀድ ነው።

የቀሩት ይችሉታል ወይ?

በየኖዱ «ፍሪ -ኤች» ብለው በ«አቬይለብል» ዓምድ ሥር ያለውን የራም መጠን ይመልከቱ። ኖድ2 ላይ ለሚሠሩት ማሽኖች የተመደበው ራም ተደምሮ በሁለቱ ላይ ካለው ነፃ ራም ጥቂት ጊጋባይት ማነስ አለበት። በጠባቡ ከገቡ ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ራም ለማስለቀቅ የመረጠውን ፕሮሰስ ይገድላል፤ የሚገደለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቨርችዋል ማሽን ነው። «ፒቪኢኤስኤም ስታተስ» የዲስክ ቦታውን ያሳያል።

«ፒቪኢቨርዥን»ንም በሦስቱም ላይ ያስኪዱ። ከአሮጌ ሥሪት ወደ አዲስ ማዛወር የሚደገፍ ነው፤ ከአዲስ ወደ አሮጌ መመለስ ግን ዋስትና የለውም። ሁሉንም ኖድ በየተራ የሚያሻሽሉ ከሆነ ይህ ቅደም ተከተሉን ይወስነዋል፤ የተሻሻለው ኖድ ይቀበላል እንጂ መልሶ አይሰጥም።

ኖዱን ባዶ ማድረግ

ሴፍ (የየኖዱን ዲስኮች አጣምሮ ዳታን በቅጂ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) የሚጠቀም ክላስተር ካለዎት ከሁሉ በፊት «ሴፍ -ኤስ» ብለው ጤናው «ሄልዝ ኦኬ» መሆኑን ይዩ። ሌላ ቦታ የወደቀ ዲስክ ካለ ዛሬ የጥገና ቀን አይደለም፤ በተለመደው የ3 ቅጂ አሠራር ቢያንስ 2 ቅጂ ካልተገኘ በዚያ ክፍል ላይ መጻፍም ማንበብም ይቆማል። ሰላም ከሆነ «ሴፍ ኦኤስዲ ሴት ኖአውት» ያስገቡ፤ የመጨረሻው ቃል ኖ እና አውት ያለ ክፍተት ነው። ይህ ካልተደረገ የጠፉት ዲስኮች በነባሪው ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደ ሞቱ ተቆጥረው ዳታቸው በሌሎቹ ላይ እንደገና መገልበጥ ይጀምራል። ራም ለመጨመር የወጣ ሰርቨር ምክንያት ሆኖ ቴራባይቶች መመላለስ የለባቸውም።

ከዚያ ወደ ማሽኖቹ፦

1. «ኤችኤ-ማኔጀር ስታተስ» ብለው ኤችኤ የሚጠብቃቸውን ይለዩ። ካሉ «ኤችኤ-ማኔጀር ሲአርኤም-ኮማንድ ኖድ-ሜንቴናንስ ኢኔብል ኖድ2» ያስገቡ። ይህ ከሥሪት 7.3 ጀምሮ አለ። የሚጠበቁት ማሽኖች በራሳቸው ወደ ሌላ ኖድ ይሄዳሉ፤ ኖዱ ጠፍቶ ቢነሣም እርስዎ እስኪያነሡት ድረስ በጥገና ላይ እንደተባለ ይቆያል።

2. ይህ ትዕዛዝ የሚያንቀሳቅሰው የኤችኤዎቹን ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኖድ2 ላይ ገብተው «ኪውኤም ሊስት» እና «ፒሲቲ ሊስት» ብለው የቀሩትን ቨርችዋል ማሽኖችና ኮንቴይነሮች ይቁጠሩ።

3. ቨርችዋል ማሽን 104ን ሳይጠፋ ለማዛወር፦ «ኪውኤም ማይግሬት 104 ኖድ3 --ኦንላይን»። ዲስኩ በራሱ በኖድ2 ላይ ያለ ከሆነ «--ዊዝ-ሎካል-ዲስክስ» ይጨምሩ።

4. ኮንቴይነር 201ን ለማዛወር፦ «ፒሲቲ ማይግሬት 201 ኖድ3 --ሪስታርት»። ኮንቴይነር የኖዱን ከርነል ስለሚጋራ እየሠራ መሻገር አይችልም፤ ቆሞ፣ ተሻግሮ፣ እዚያ ይነሣል። ተጠቃሚዎቹ አስቀድመው ይወቁት።

5. ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመላክ ከኖድ2 ላይ «ፒቪኢኖድ ማይግሬትኦል ኖድ3 --ማክስወርከርስ 1» ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ስንት ማሽን በአንድ ጊዜ እንደሚሄድ ይወስናል፤ ኔትወርኩ 1 ጊጋቢት ከሆነ ከ1 አያሳልፉት።

ጊዜውን አስቀድመው ያስሉ። 1 ጊጋቢት መስመር በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ይሰጣል። 32 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን በ5 ደቂቃ ግድም ይሻገራል፤ 500 ጊጋባይት የራሱ ዲስክ ያለው ግን ከ75 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ማሽኑ ራሙን ከመስመሩ ፍጥነት በላይ የሚቀያይር የዳታቤዝ ሰርቨር ከሆነ፣ ዝውውሩ ሊያልቅ ሲል እየተመለሰ ይጎተታል። መድኃኒቱ ሥራ የቀነሰበትን ሰዓት መምረጥ ወይም ፈጣን መስመር መስጠት ነው።

ስለ መስመር ከተነሣ፣ በጣም የሚጎዳው ስሕተት እዚህ ነው። ኖዶቹ እርስ በርስ በሕይወት መኖራቸውን የሚጠያየቁበት ኮሮሲንክ ትንሽ ዳታ ነው የሚልከው፤ ነገር ግን መዘግየትን አይታገሥም። በኖዶቹ መካከል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች መሆን አለበት። ዝውውሩ በዚያው ኬብል ላይ ሄዶ መስመሩን ሲሞላው የኮሮሲንክ መልእክት ይዘገያል፤ ኖዶቹ የሞቱ መስለው ይታያሉ፤ ኤችኤ ካለ ዋችዶጉ ጤነኞቹን ሰርቨሮች በግድ ዳግም ያስነሣቸዋል። ለኮሮሲንክ የተለየ ኬብልና ከተቻለ የተለየ ስዊች ይስጡት። እስከዚያው ግን ዝውውሩን በ«--ቢደብሊውሊሚት 80000» ይገድቡ፤ ቁጥሩ በሰከንድ በኪሎባይት ነው፣ ወደ 80 ሜጋባይት ማለት ነው። ዝውውሩን በሌላ ኔትወርክ ለማሳለፍ «--ማይግሬሽን_ኔትወርክ» ብለው የኔትወርኩን አድራሻ ያስከትሉ።

አልሄድም የሚሉ ማሽኖች ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የተረሳ ሲዲ ነው፤ የመጫኛ አይኤስኦ ፋይሉ በኖድ2 ብቻ ያለ ከሆነ ዝውውሩ ገና ሲጀመር ይከለከላል። «ኪውኤም ሴት 104 --አይዲኢ2 ነን,ሚዲያ=ሲዲሮም» ብለው ያውጡት። የኖዱ ካርድ በቀጥታ የተሰጠው ማሽን ካርዱን ይዞ ሊሻገር ስለማይችል መጥፋት አለበት። «ሎክድ» የሚል መልስ ከመጣ ባካፕ እየተሠራ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ምንም ሥራ ከሌለና መቆለፊያው የተረሳ ከሆነ ብቻ «ኪውኤም አንሎክ 104» ይበሉ። ሌላኛው ኖድ ላይ «ቪኤምቢአር1» የሚባለው ብሪጅ (ማሽኖቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው) ከሌለም ማሽኑ እዚያ ሊነሣ አይችልም፤ የብሪጅ ስሞች በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ይሁኑ።

ሳይከለከል ሄዶ ከዚያ የሚወድቀው ደግሞ የሲፒዩ ዓይነቱ «ሆስት» የተባለው ማሽን ነው። ሆስት ማለት የኖዱን ፕሮሰሰር ችሎታ ሁሉ እንዳለ ማሳየት ነው። ኖድ2 አዲስ፣ ኖድ3 አሮጌ ፕሮሰሰር ካላቸው ማሽኑ የለመደውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ እዚያ ሲያጣው ይወድቃል። የተለያየ ዘመን ሰርቨር ባለበት ክላስተር ውስጥ ሆስት አይጠቀሙ፤ የሁሉም የጋራ የሆነውን ዝቅተኛ ዓይነት ይምረጡ።

ትክክለኛውን ሣጥን ማግኘት

ራክ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰርቨሮች ተደርድረው ሲታዩ፣ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ስም ብቻውን አይበቃም። ኖድ2 ሳይጠፋ «ዲኤምአይዲኮድ -ኤስ ሲስተም-ሲሪያል-ነምበር» ብለው መለያ ቁጥሩን ይጻፉና ሣጥኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። «አይፒኤምአይቱል ቻሲ አይደንቲፋይ 240» ደግሞ የሰርቨሩን መለያ መብራት ለ240 ሰከንድ ያበራል፤ ቁጥር ካልሰጡት በ15 ሰከንድ ይጠፋል፣ እስከ ራኩ ድረስ ለመሄድም አይበቃም።

ለዲስክ «ኤስዲቢ» የሚለውን ስም አይመኑ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። «ስማርትሲቲኤል -አይ /ዴቭ/ኤስዲቢ» ብለው ሲሪያሉን ይያዙ፤ የዲስኮቹ ማቀፊያ የሚደግፍ ከሆነ «ሌድሲቲኤል ሎኬት=/ዴቭ/ኤስዲቢ» የዲስኩን መብራት ያበራል። ለኔትወርክ ገመድ «ኢትቱል -ፒ ኢኤንፒ3ኤስ0 30» የዚያን ወደብ መብራት ለ30 ሰከንድ ያርገበግባል። የተበላሸውን ራም ለመለየት «አይፒኤምአይቱል ሴል ሊስት» የሰርቨሩን የሃርድዌር መዝገብ፣ «ዲኤምአይዲኮድ -ቲ ሜሞሪ» የእያንዳንዱን ራም ማስቀመጫ ስም ያወጣል፤ ያ ስም ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ከታተመው ጋር ይገጥማል።

አዲስ ካርድ የሚገባ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «አይፒ -ቢአር ሊንክ» ብለው የወደቦቹን ስምና የማክ አድራሻ ይመዝግቡ፣ «/ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» የተባለውንም ፋይል ቅጂ ያስቀምጡ። ለምን እንደሆነ በመመለሻው ክፍል ይታያል።

ማጥፋት

«ኪውኤም ሊስት» እና «ፒሲቲ ሊስት» ላይ «ረኒንግ» የሚል አንድም መስመር አለመኖሩን ይዩና «ሻትዳውን -ኤች ናው» ይበሉ። ኤስኤስኤች መቋረጡ ሰርቨሩ ጠፋ ማለት አይደለም። በሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው በሚሠራው የመቆጣጠሪያ ቺፕ በኩል ከኖድ1 ይጠይቁ፦ «አይፒኤምአይቱል -አይ ላንፕላስ -ኤች አድራሻ -ዩ ተጠቃሚ -ኤ ቻሲ ፓወር ስታተስ»። አይ፣ ኤች እና ዩ በዐቢይ ፊደል፣ ኤ በንኡስ ፊደል ናቸው። ይህች ኤ የይለፍ ቃሉን ጠይቃ እንድትቀበል ታደርጋለች፤ በትዕዛዙ ውስጥ ከጻፉት ግን በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ግንኙነቱ በዩዲፒ ወደብ 623 ነው፤ ያ ኔትወርክ ከተራው ተጠቃሚ የተለየ ይሁን፤ ቺፑ ውስጥ የገባ ሰው ሰርቨሩን በእጁ እንደያዘ ነው።

በ«ስታተስ» ቦታ «ሶፍት» ሥርዓቱ በወጉ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ «ኦፍ» ሶኬት እንደመንቀል ነው፤ «ሳይክል» ነቅሎ መሰካት ነው። ከጠፋ በኋላ ሁለቱንም የኃይል ገመዶች ይንቀሉ፤ ገመዱ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ ኃይል አለ። በቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ መብራት እስኪከስም ጠብቀው፣ የእጅ ማሰሪያዎን በቻሲው ብረት ላይ አስረው ይክፈቱ።

ኖዱ ታምሞ መልስ ሳይሰጥ የቀረ ከሆነስ? ማሽኖቹ ኤችኤ ካልነበራቸው በራሳቸው ሌላ ቦታ አይነሡም። ዲስካቸው በጋራ ማከማቻ ላይ ከሆነ የቅንብር ፋይላቸውን በእጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ 104.ኮንፍ የሚባለውን «/ኢቲሲ/ፒቪኢ/ኖድስ/ኖድ2/ኪውኢኤምዩ-ሰርቨር» ከሚለው ማኅደር በ«ኤምቪ» ወደ ኖድ3 ተመሳሳይ ማኅደር ያዛውሩና እዚያ «ኪውኤም ስታርት 104» ይበሉ። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የመቆጣጠሪያ ቺፑ «ኦፍ» ማለቱን ወይም ገመዱ መነቀሉን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ኔትወርኩ ብቻ የተቋረጠበት ኖድ ማሽኑን አሁንም እያስኬደው ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ማሽን አንድ ዲስክ ላይ ሲጽፍ የፋይል ሥርዓቱ ይበጣጠሳል፣ ያንን ደግሞ ከባካፕ በቀር የሚመልሰው የለም።

መመለስ

ሰርቨሩ ተነሥቶ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ከታየ አይደንግጡ። የወደቡ ስም ካርዱ ከተሰካበት ቦታ የሚወጣ ስለሆነ፣ አዲስ ካርድ ሲጨመር «ኢኤንፒ3ኤስ0» የነበረው «ኢኤንፒ4ኤስ0» ሊሆን ይችላል፤ ብሪጁ ግን አሮጌውን ስም ይፈልጋል። በመቆጣጠሪያ ቺፑ የርቀት ስክሪን ይግቡ፣ «አይፒ -ቢአር ሊንክ» ላይ ያለውን ማክ ከመዘገቡት ጋር ያስተያዩ፣ ፋይሉ ውስጥ ስሙን አርመው «ኢፍሪሎድ -ኤ» ይበሉ።

ማሽኖቹ «ኬቪኤም» (ቨርችዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው የከርነሉ ክፍል) የለም ብለው ካልተነሡ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ወይም ባዮሱ ወደ ነባሪው ሲመለስ የቨርችዋላይዜሽን ማብሪያው ጠፍቶ ነው፤ በኢንቴል «ቪቲ-ኤክስ»፣ በኤኤምዲ «ኤስቪኤም» በሚል ስም ያገኙታል። ባትሪው ያለቀበት ቦርድም ሰዓቱን ያዛባል፤ «ክሮኒሲ ትራኪንግ» ልዩነቱን ያሳያል። ሰዓቱ የተዛባ ኖድ የሰርተፍኬት ስሕተት ያወጣል፣ ሴፍም ያጉረመርማል።

ከዚያ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» 3 ድምፅ ማሳየቱን፣ «ኮሮሲንክ-ሲኤፍጂቱል -ኤስ» እያንዳንዱን መስመር «ኮኔክትድ» ማለቱን ይመልከቱ። «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኮሮሲንክ -ኤፍ» ብለው ጥቂት ደቂቃ ይከታተሉ፤ «ሪትራንስሚት ሊስት» የሚል ጽሑፍ የሚደጋገም ከሆነ መልእክት እየጠፋ ነውና ኬብሉን ወይም የስዊቹን ወደብ ይቀይሩ። «ፍሪ -ኤች» አዲሱን ራም ሙሉ በሙሉ ካላሳየ አንዱ በደንብ አልገባም።

ዲስክ የቀየሩበት ዜድኤፍኤስ (ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምር የፋይል ሥርዓት) ከሆነ «ዚፑል ስታተስ» ላይ የጎደለውን አይተው በ«ዚፑል ሪፕሌስ» ይተኩት። ሥርዓቱ የሚነሣበት ዲስክ ከሆነ ይህ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ከጤነኛው ዲስክ ላይ የክፍልፋይ ሠንጠረዡን በ«ኤስጂዲስክ» ይቅዱ፣ ለአዲሱ ዲስክ አዲስ መለያ ይስጡ፣ የዜድኤፍኤስ ክፍሉን ብቻ ይተኩ፣ በመጨረሻም የማስነሻ ክፍሉን በ«ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ፎርማት» እና «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ኢኒት» ያዘጋጁ። ይህን የዘለለ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛው ዲስክ የሞተ ቀን ነው፤ ዳታው አለ፣ ሰርቨሩ ግን አይነሣም።

የጥገናውን ሁኔታ ለማንሣት አይቸኩሉ። «ኤችኤ-ማኔጀር ሲአርኤም-ኮማንድ ኖድ-ሜንቴናንስ ዲሴብል ኖድ2» ባሉ ጊዜ ቀድሞ እዚያ የነበሩት የኤችኤ ማሽኖች በራሳቸው መመለስ ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ቢጠፋ የማይጎዳ አንድ ማሽን ወደ ኖድ2 አዛውረው ጥቂት ሰዓት ያስኪዱት፤ አዲስ ራም ከገባም «ዲሜሰግ» ላይ የራም ስሕተት አለመኖሩን ይዩ። ለሴፍ ደግሞ «ሴፍ ኦኤስዲ አንሴት ኖአውት» ማለትን አይርሱ። ይህች ምልክት ተረስታ ከቀረች ወደፊት በእውነት የሞተ ዲስክ ሲኖር ክላስተሩ ቅጂውን አይተካም።

ስዊቹ ራሱ የሚቀየር ከሆነ

ይህ ከአንድ ኖድ የተለየ ጉዳይ ነው። ሁሉም ኖዶች በአንዴ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ኤችኤ ካለ ከ60 ሰከንድ በኋላ ሁሉም ዳግም ይነሣሉ፣ በላያቸው ያለው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ከመንቀልዎ በፊት በእያንዳንዱ ኖድ ላይ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ፒቪኢ-ኤችኤ-ኤልአርኤም» ያስገቡ፤ በሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ በእያንዳንዱ ላይ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ፒቪኢ-ኤችኤ-ሲአርኤም» ይበሉ። ዋችዶጉ ይለቃቸዋል፣ ማሽኖቹም መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ስዊቹ ተተክቶ ጉባኤው ሲሞላ ሁለቱንም በ«ስታርት» ይመልሱ።

ለሁልጊዜ ማስወጣት

ኖድ2 የማይመለስ ከሆነ ባዶ አድርገው ያጥፉት፤ ኪውዲቫይስ (ከውጭ የቆመው ተጨማሪ ድምፅ) ካለ አስቀድመው በ«ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሪሙቭ» ያንሡት፤ ከዚያ ከኖድ1 ላይ «ፒቪኢሲኤም ዴልኖድ ኖድ2» ይበሉ። ኖዱ ቀድሞ ስለጠፋ «ኩድ ኖት ኪል ኖድ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው የተባረረውን ሰርቨር እንዳለ በዚያው ኔትወርክ ላይ መልሶ ማብራት ነው። የድሮ ቅንብሩን ይዞ ስለሚነሣ ራሱን አባል አድርጎ ይቆጥራል፣ ክላስተሩንም ያውካል። ዲስኮቹን ይንቀሉ ወይም ሥርዓቱን እንደገና ይጫኑ።

የሚተካው አዲስ ሰርቨር ከመግባቱ በፊት ስሙና አድራሻው የመጨረሻው ይሁን፤ ከገባ በኋላ መቀየር ከባድ ነው። ሰዓቱ ይስተካከል፣ ሥሪቱ ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሁን፣ በላዩ አንድም ቨርችዋል ማሽን አይኑር። ከአዲሱ ሰርቨር ላይ «ፒቪኢሲኤም አድ» ብለው የኖድ1ን አድራሻ ያስከትሉ። በኖዶቹ መካከል ለኮሮሲንክ የዩዲፒ ወደቦች ከ5405 እስከ 5412፣ ለኤስኤስኤች 22፣ ለዝውውር የቲሲፒ ወደቦች ከ60000 እስከ 60050 ክፍት መሆን አለባቸው። አዲሱ ኖድ ከገባ በኋላ የኖዶቹ ብዛት ጎደሎ ካልሆነ ኪውዲቫይሱን መልሰው ያቁሙት። የድሮው ኖድ ማኅደር «/ኢቲሲ/ፒቪኢ/ኖድስ/ኖድ2» ሳይጠፋ ይቀራል፤ ውስጡ የሚያስፈልግ የቅንብር ፋይል አለመኖሩን አይተው፣ ቅጂ ወስደው ያጥፉት።